ጥፋቱ የፊቴ መስሎኝ ነበር

የምሠራበት ቦታ በሩ ላይ ፊት አይቶ የሚከፍት ካሜራ አለ። ሌላው ሰው ቀና ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ሻሼን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ፣ መብራቱ ሥር ቆሜ፣ ካልሆነም ዘበኛውን ለምኜ ነበር የምገባው። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ባለፈው ሳምንት ልጄ የጆይ ቡላምዊኒን የ2018 ቪዲዮ አሳየችኝ። ማሽኑ የሚሼል ኦባማን የልጅነት ፎቶ አይቶ «ወንድ» ይላል! ጆይ ራሷም ካሜራ እንዲያያት ነጭ ጭምብል ማድረግ ነበረባት። ሥራዋ በ2019 ለንደን፣ ባርቢካን ውስጥ፣ ስለ ሰውና ስለ ሰው ሠራሽ አእምሮ በተዘጋጀ ኤግዚቢሽን ላይ ቀርቧል።

አዲስ አበባ ተወልዳ ካደገችው ከትምኒት ገብሩ ጋር ባወጡት ጥናት፣ ማሽኖቹ የነጣ ያሉ ወንዶችን ጾታ ሲለዩ ስህተታቸው ከ1 በመቶ በታች ነበር፤ ጠቆር ባልን ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል። ማሽን የሚያውቀው ያሳዩትን ነው። የኛን ፊት ካላሳዩት ከየት ያውቀዋል?

«እማዬ፣ ፊትሽ ምንም አልሆነም» አለችኝ ልጄ።

እሑድ ጠዋት ካሜራው እንደ ልማዱ ዝም ሲለኝ ሻሼን አልነካሁም። ኃላፊውን አስጠርቼ «ማሽኑን አስተካክሉት» አልኩና እስኪከፍቱልኝ ቆሜ ጠበቅሁ።

እናንተስ፣ ገጥሟችሁ ያውቃል?