ለስምንት ሰው እራት፣ በአገና

አገና የእዣ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ቀለል ያለ ነገር ቀምሶ ለተኛ ሰው ሌሊቱ ቶሎ አይነጋም። እዚህ ተመድቤ ስመጣ በአንድ ግቢ የተከራየነው መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ስምንት ነበርን፤ የሁላችንም ደመወዝ ወር ሳይጋመስ የሚያልቅ ነው። ምግብ ቤት በኮንትራት መብላቱ ከአቅም በላይ ሲሆንብን ሜስ መሠረትን። ምሳ እንደየሥራችን ነው፤ እራት ግን የጋራ። ማብሰሉን እኔ ወድጄ ያዝኩት፤ ገበያውን፣ እንጨቱንና ዕቃ አጠባውን ሌሎቹ ተከፋፈሉት። ከዚያ ድስት አጠገብ የተማርኩትን እዚህ አስቀምጣለሁ። በየወረዳው ከተማ በጥቂት ደመወዝ ለሚኖሩ ጀማሪ ሠራተኞች እንደሚጠቅም አምናለሁ።

አገሩ የሚበላውን ማስቀደም

አብዛኞቻችን እንጀራ በልተን ያደግን ነን። ጤፍ ግን አገና የሚደርሰው በመኪና ተጭኖ፣ በብዙ ነጋዴ እጅ አልፎ ነው፤ ከዚያ ወፍጮ አለ፣ ሊጥ አለ፣ ምጣድ አለ። እያንዳንዱ እርምጃ ብር ይጠይቃል። ቆጮ የሚመጣው ከየቤቱ ጓሮ ነው።

ቆጮ የሚሠራበት እንሰት ከተተከለ በኋላ እስኪደርስ እንደየቦታው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ከደረሰ ግን የመኸር ወቅት አይጠብቅም፤ ቤተሰቡ በፈለገው ጊዜ ይቆርጠዋል። ግንዱ ይፋቃል፣ ሥሩ ይቀጠቀጣል፣ ከዚያ ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ተቀብሮ ለወራት ይብላላል። በ1977ቱ ድርቅ እንሰት አብቃዩ አገር ከሌላው ተሽሎ እንደቆመ ብዙ ይነገራል፤ ምክንያቱም ይኸው ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ያሳተመውን መጽሐፍ «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም። ለእኔ የወር በጀት ደግሞ ትርጉሙ ቀጥተኛ ነው፦ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ምግብ ክረምትም በጋም ገበያ ላይ አይጠፋም።

ቆጮን እንዴት እንደሚይዙት ያስተማሩኝ የግቢያችን ባለቤት ናቸው፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ከገበያ በኮባ ተጠቅልሎ የሚመጣው ሊጥ ውሃም ቃጫም አለው። እማማ መጀመሪያ በጨርቅ ቋጥረው በጉልበታቸው ጭምር ተጭነው ይጨምቁታል። «ልጄ፣ ውሃውን ካላወጣሽለት እንጨትሽን ይበላዋል» አሉኝ፤ እውነት ነው፣ ያልተጨመቀ ቆጮ ምጣድ ላይ እጥፍ ጊዜ ይቆያል። ከዚያ ጣውላ ላይ ያደርጉትና በትልቅ ቢላዋ ደጋግመው ይከትፉታል። ቃጫው እየተቆራረጠ ይለያል፣ የቀረው ይነፋል፣ በጣት ሲያሹት ደቀቅ ያለ እርጥብ ዱቄት ይሆናል። ምጣዱ ላይ ኮባ ይነጠፋል፣ ሊጡ በመዳፍ ተጠፍጥፎ ይዘረጋል፣ በሌላ ኮባ ይሸፈናል፤ ሽታው ተለውጦ ጠርዙ ሲላቀቅ ይገለበጣል። ለክትፎ የሚቀርበው ስስ ነው። ለሆድ የሚሆነው አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው፣ በዝግታ እሳት የበሰለው ነው። እኛ የምንጋግረው ይኸኛውን ነው።

የተጋገረ ቆጮ ለቀናት ይቆያል። ስለዚህ ምጣድ በየቀኑ አናሞቅም፤ በሳምንት ሁለቴ ይጋገራል፣ ማታ ማታ ትንሽ ይሞቃል። እንጀራም ጨርሰን አልተውንም፤ ናፍቆቱን ለማስታገስ አልፎ አልፎ ከገበያ እንገዛለን፣ ያውም ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ፣ ከጎኑ ቆጮ ጋር።

ጥጋብና ጉልበት ለየቅል ናቸው

ቆጮ ከሞላ ጎደል ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው። ማታ በቆጮና በጎመን ብቻ የጠገበ መምህር አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሆዱ ይጮኻል። ሽሮ ወይም ባቄላ የታከለበት ማታ ግን እስከ ምሳ ያደርሳል። የገጠሩ ቤት ይህን ጉድለት በአይብና በወተት ይሞላዋል። ላም ለሌለው ተከራይ ያለው መንገድ ጥራጥሬ ነው። በእኛ ቤት ሕጉ ጥብቅ ነው፦ ጥራጥሬ የሌለበት እራት አይቀርብም። ብር ሲያጥር የሚቀነሰው ሽንኩርት ነው፣ ዘይት ነው፤ ሽሮና ባቄላ አይቀነስም።

ምስር ስለሚወደድ ትተነዋል። የአተር ክክና ባቄላ ከዚሁ ከደጋው ስለሚመጡ ይሻላሉ።

ሽሮ ትዕግሥት ይፈልጋል

ለስምንት ሰው ሁለት ኩባያ ሽሮና ሰባት ስምንት ኩባያ ውሃ ይበቃል። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ እያቁላላሁ አለሰልሰዋለሁ፤ በርበሬውም እዚያው ይበስላል። ዘይት የሚገባው ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ ነው፤ ያኔ ሦስት ማንኪያ የስድስቱን ሥራ ይሠራል። ውሃው ሲፈላ ሽሮውን በአንድ እጅ እየነሰነሱ በሌላው ማማሰል፣ ከዚያ እሳቱን ቀንሶ መተው። ሽሮ መንተክተክ አለበት። ግማሽ ሰዓት የተንተከተከ ሽሮ ይወፍራል፣ የጥሬ ሽታው ይጠፋል፤ ቸኩለው ያወጡት ግን ቀጥኖ ሽሮ ያነሰው ይመስላል፣ አብሳዩም ደግሞ ዱቄት ይጨምርበታል። ነጭ ሽንኩርቱን መጨረሻ ላይ ደቁሶ መጨመር መዓዛው ሳይተን እንዲቀር ያደርጋል።

በዘይት ላይ እንዲህ የምጠነቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የምግብ ዘይት በብዛት ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው የሚወሰነው ከአገናም ከወልቂጤም ርቆ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር አቅም ሲወርድ ከሁሉ በፊት የቆጠቆጠን የዘይት ጀሪካን ነበር። ከሩቅ በሚመጣ ነገር ላይ የተመሠረተ እራት ሁልጊዜ ያሳስባል። ስለዚህ ድስቱ ውስጥ ያለ ዘይት ሊበስል የሚችለው ሁሉ ያለ ዘይት ይበስላል፤ ድንችና ጎመን ተቀቅለው፣ በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ብቻ ይጣፍጣሉ።

እሳትም ወጪ ነው

ሰው የእራቱን ሒሳብ ሲሠራ እህሉን ቆጥሮ ከሰሉን ይረሳል። ባቄላና ስንዴ ጠዋት ከቤት ከመውጣታችን በፊት ይዘፈዘፋል። ለንፍሮ ግማሽ ኪሎ ባቄላና ግማሽ ኪሎ ስንዴ ስምንት ሰው ያጠግባል፤ በደንብ የተዘፈዘፈው ከሰሉን በጣም ይቀንሳል። የምንጠቀመው ላቀች የሚባለውን የከሰል ምድጃ ነው፤ ተራው የብረት ምድጃ በዙሪያው የሚያባክነውን ሙቀት ይህኛው ድስቱ ሥር ይሰበስባል። ድስቱ አንድ ጊዜ በደንብ ከፈላ በኋላ አውርጄ በአሮጌ ብርድ ልብስ እጠቀልለዋለሁ፣ ምድጃው ላይ ሌላው ድስት ይጣዳል። የተጠቀለለው በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ጨው ግን ባቄላው ሳይለሰልስ አይገባም።

መብራት ባለ ጊዜ በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ይረክሳል፤ ሆኖም በመብራት ላይ ብቻ የተመካ እራት ሳይደርስ ሊያመሽ ስለሚችል ከሰሉ ከቤት አይጠፋም።

ጎመን

ብዙ አልልም። ሁለት ትልልቅ እስር ጥሬውን ሲያዩት የሚተርፍ ይመስላል፣ ሲቀቀል ግን ለስምንት ሰው ልክ ይሆናል። ግንዱን ጭምር ደቀቅ አድርጎ መክተፍ ነው፤ የሚጣል ነገር የለውም።

ሁሉም የሚበላው ገበታ

ስምንታችን ውስጥ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ካቶሊክ አለን። በጉራጌ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አንዱ ያረደውን ሥጋ ሌላው እንደማይበላ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ሥጋ የገባበት ድስት ስምንት ሰው ለሁለት ይከፍላል፣ ወጪውንም እጥፍ ያደርገዋል። የጾም ወጥ ግን ማንንም አይለይም። እራታችንን ዓመቱን ሙሉ ከጥራጥሬና ከአትክልት ለመሥራት የወሰንነው መጀመሪያ ለቁጠባ ብለን ነበር፤ እየቆየ ግን ከገንዘቡ ይልቅ አብሮ መብላቱ ገዘፈብን።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአምስት ቀን ልዩነት ገቡ፤ ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22። ያን ወር ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሊበሉ የሚችሉት የኦርቶዶክስ ልጆች በገዛ ፈቃዳቸው እስከ መግሪብ ይጠብቁ ጀመር። አዛን ሲሰማ ሁላችንም እኩል እንቀርባለን። መጀመሪያ የገብስ ሾርባ፣ ድንችና ካሮት ገብቶበት፤ ከዚያ ቆጮ በሽሮና በጎመን። አንድ ድስት፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ሰዓት። ያን ወር የከሰል ወጪያችን ቀነሰ፤ ጨዋታው ግን በዛ፣ ከገበታው የሚነሣም አልነበረም። በሕይወቴ ከበላኋቸው እራቶች ሁሉ የማስቀድማቸው የዚያን ወር እራቶች ናቸው።

መቼ እንደሚገዛ ከሴቶቹ መማር

የጉራጌ እናቶች የቅቤ ዕቁብ አላቸው። እያንዳንዷ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ቅቤ ታዋጣለች፣ በተራ አንዷ ሰብሰብ ያለውን ትወስዳለች፤ መስቀል ሲደርስ ማንም ቤት ቅቤ አያጣም። በአንድ ጊዜ መግዛት የማይቻለውን በብዙ እጅ ማከማቸት ማለት ነው። ይህን ዘዴ ወደ ሜሳችን አመጣነው። በየወሩ ከመዋጮው ላይ ትንሽ እናስቀምጣለን፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ አዲስ እህል ገበያ ሲወጣ አተሩን፣ ባቄላውንና ሽምብራውን በአንድ ላይ እንገዛለን። ሽሮውን እማማ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው ሲያዘጋጁ እኛም ለመልቀምና ለማመስ እንቀመጣለን። ሱቅ ውስጥ በኪሎ ተመዝኖ ከሚሸጠው ሽሮ በዋጋም በጣዕምም አይገናኝም። ምን ምን እንደገባበት ስለምናውቅ ያለ ሥጋት እንበላለን።

መስቀል ሲቃረብ ደግሞ ቆጮም ቅቤም ይወደዳል፤ ከአዲስ አበባና ከየከተማው ልጆች ሁሉ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። የመስከረሙን ቆጮ ነሐሴ ላይ ነው የምንገዛው። በኮባ ደህና ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ሊጡ አይበላሽም።

ድርሻ የሚነሣው አስቀድሞ ነው

ማታ ተረኛ ነርስ ወይም ከገጠር ትምህርት ቤት በእግሩ የሚመለስ መምህር ዘግይቶ ይገባል። ድስቱ ከምድጃ እንደወረደ፣ ማንም ሳይቀርብ፣ የእነሱ ድርሻ ተነሥቶ ይከደናል። የተረፈውን ማስቀመጥና ድርሻውን ማስቀመጥ በጣም ይለያያሉ፤ ደክሞ የገባ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል። ሰው ሲያመው ደግሞ ለእሱ ብቻ የቡላ ገንፎ ወይም አጥሚት ይሠራል፤ ቡላ ቢወደድም ለዚህ የሚሆን ትንሽ ሁልጊዜ እናስቀምጣለን።

በመዋጮም እንዲሁ ነው። ደመወዝ የዘገየበት ሰው ለገንዘብ ያዡ ብቻ ይነግራል፤ ገበታ ላይ ስለ ዕዳ አይወራም። ድንገት እንግዳ ሲመጣ ሽሮውን በውሃ አላቀጥነውም፤ የተቀቀለ ድንች ከትፌ እጨምርበታለሁ። ለዚህ ብዬ የድንች ጆንያው እንዳይጎድል እከታተላለሁ።

የወር መጨረሻ

ሒሳብ ተዘግቶ ከተረፈ፣ ጾም ባልሆነ ቀን ጎመን ክትፎ እሠራለሁ። ጎመኑ ይቀቀላል፤ ከዚያ ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ ይጨመቃል፤ ውሃ የያዘ ጎመን ቅቤውን አይቀበልም። እጅግ ደቅቆ ይከተፋል። ኮረሪማ ያለው የተነጠረ ቅቤ ለብ ይደረግና ከእሳት ይወርዳል፤ ጎመኑ፣ ሚጥሚጣው፣ ጨውና ነጭ ሽንኩርቱ እዚያው ይለወሳል። ለስምንት ሰው አራት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ይበቃል፣ ምክንያቱም ሳይቁላላ በላዩ ስለሚገባ መዓዛው ሁሉ አፍ ውስጥ ነው የሚደርሰው። እማማ ካላቸው አይብ ትንሽ ይልኩልናል፤ እኛም በሳህኑ ጎመን ክትፎ ሞልተን እንመልስላቸዋለን። ቆጮው ያን ቀን ብቻ ስስ ሆኖ ይጋገራል።