የኩዊልት ጠርዝ፦ በእጅ ወይስ በመኪና?

እህቶቼ፣ ኩዊልት መስፋት የጀመራችሁ ሥራው ወደ ማለቂያው ሲደርስ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፤ «ጠርዙን በእጅ ልጨርሰው ወይስ በመኪና?» ከጥያቄው ጀርባ ሐፍረት እንዳለ ይታወቀኛል። በእጅ ያላለቀ ኩዊልት ፍቅር የጎደለው፣ የጥድፊያ ሥራ ነው ሲባል ሰምታችኋል። እኔ ይህን አልቀበልም፤ ምክንያቴን ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ ጠርዝ ምን እንደሚሠራ እንይ። ጋቢያችን ሲሸመን ግራና ቀኙ በራሱ ይዘጋል፤ ማጉ ጫፍ ደርሶ ስለሚመለስ አይተረተርም። የተረፈውን ድር ደግሞ ገምደን እንቋጨዋለን። ኩዊልት ግን ላዩ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ፣ መሃሉ የጥጥ ንጣፍ፣ ሥሩ ሌላ ጨርቅ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ከተሰፉ በኋላ አራቱም ጎን በመቀስ ይስተካከላል። ያን ሁሉ የተቆረጠ ጫፍ ሸፍኖ የሚይዘው ዙሪያውን የሚሰፋው ጥብጣብ ነው። ሰው ሲተኛ ወደ አንገቱ የሚስበው እሱን ነው፤ ቀድሞ የሚያልቀውም እሱ ነው።

ስለዚህ ጥብጣቡ ድርብ ይሁን። 2.5 ኢንች፣ ማለትም 6.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጨርቅ ቁረጡና በቁመቱ ለሁለት እጠፉት። ያልታጠፈውን ወገን ከኩዊልቱ ጫፍ ጋር አስተካክላችሁ 6 ሚሊ ሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ። ቁራጮቹን ስትቀጣጥሉ በሰያፍ ይሁን፤ መጋጠሚያው አንድ ቦታ አይቆለልም። ማዕዘን ልትደርሱ 6 ሚሊ ሜትር ሲቀራችሁ አቁሙ፤ ጥብጣቡን ወደ ላይ፣ ከዚያም ወደ ታች አጥፋችሁ አዲሱን ጎን ጀምሩ። ጠርዙ ቀጥ ያለ ሳይሆን የሚዞር ከሆነ ጥብጣቡን ከጨርቁ ላይ በሰያፍ ቁረጡት፤ ያኔ እየተለጠጠ ይታዘዛል።

ይህን የመጀመሪያ ስፌት እጅ የሚመርጡትም ቢሆኑ አብዛኞቹ በመኪና ነው የሚሰፉት። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። በእጅ የምትጨርስ ሴት ጥብጣቡን በፊት በኩል ሰፍታ ወደ ጀርባ ታጥፈዋለች፤ መርፌዋን በእጥፉ ውስጥ እየደበቀች ትዞራለች፤ ክሩ አይታይም። በመኪና የምትጨርሰው ግን ከጀርባ ጀምራ ወደ ፊት ታጥፋለች። መኪና ላይ ስትሰፊ የምታዪው የላዩን ገጽ ስለሆነ፣ የሚያምረው መስመር በፊት በኩል እንዲወጣ ነው።

ወርዱ 1.5 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ኩዊልት ዙሪያው 7 ሜትር ነው። በየ3 ሚሊ ሜትሩ መርፌ ብታስገቡ ከ2,300 ጊዜ በላይ ትወጋላችሁ። ጊዜና ጤነኛ ጣት ላለው ሰው ይህ ደስ የሚል፣ ልብ የሚያሳርፍ ሥራ ነው። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል፣ ለሙሽሮች አልጋ ለሚሰጥ፣ በጥንቃቄ ለሚያዝ ኩዊልት በእጅ ጨርሱ፤ ንጽሕናው ያስደስታችኋል።

ለሕፃን የምትሰፉት ግን ሌላ ነው። ሕፃኑ ይጎትተዋል፣ ያኝከዋል፣ ወለል ላይ ያነጥፈዋል፤ እናቱም ቶሎ ቶሎ ታጥበዋለች። የእጅ ስፌት አንድ ክር ስለሆነ፣ በደንብ ካልጠበቀ አንድ ቦታ ሲበጠስ አጠገቡ ያለውም ይላላል። የመኪና ስፌት የላይና የታች ክር እየተቆላለፈ የሚሄድ ነው፤ መጎተትን ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ በመኪና መጨረስ ራሱ ፍቅር ነው።

የመኪና ስፌት እንደማያሳፍር ታሪኩም ያሳያል። ኤልያስ ሃው በ1846፣ አይዛክ ሲንገር በ1851 የስፌት መኪና የፈጠራ መብት ካስመዘገቡ በኋላ፣ መኪና የገዛች አሜሪካዊት ስፌቱን ከኩዊልቷ ላይ አትደብቀውም ነበር፤ ውድ ዕቃ ስለነበር ትኮራበት ነበር። በ1837 በጆርጂያ በባርነት የተወለደችው ሃሪየት ፓወርስ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በጨርቅ ያወጣችበት ኩዊልት ዛሬ በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። በችግሯ ጊዜ በ5 ዶላር የሸጠችው ሥራ ነው። የእጅም የመኪናም ስፌት አለበት፤ በዚህ ምክንያት ያነሰ ሥራ ነው የሚል ማን ነው? በአገራችንስ በየበረንዳው ሲንጀር ዘርግቶ የሚሰፋልንን ልብስ ሰፊ ባለሙያ ብለን እናከብረው የለም ወይ?

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ጣቶቻቸውን እያመማቸው መርፌ መያዝ ያቃታቸው እናቶች አሉ። «በእጅ ካልሆነ አይሆንም» ሲባሉ የጀመሩትን አጥፈው ቁም ሣጥን ውስጥ ይከቱታል። ለልጅ ልጃቸው ያሰቡት ሙቀት እዚያው ይቀራል። ልጆቿን አስተኝታ ማታ ማታ የምትሰፋ እናትም እንዲሁ በመጨረሻው ጠርዝ ላይ ተስፋ ትቆርጣለች። ሰው ለመጨረስ ሲቃረብ የሚያሳፍር ምክር ምክር አይደለም።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። አንዲት ሴት ሥራዋን ስታሳያችሁ ጠርዙን ገልብጣችሁ ስፌቱን አትመርምሩ። ለማን እንደሰፋችው፣ በምን እንደሚታጠብ፣ የት እንደሚነጠፍ ጠይቋት። ማዕዘኑ ቢወለጋገድባት አጠገቧ ተቀምጣችሁ አሳዩአት። በመኪና ከጨረሰችውም እንደ ማንኛውም ያለቀ ሥራ «እጅሽ ይባረክ» በሏት፤ ይገባታል።