የጉዞ ሸራ ስትመርጡ

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስትወጡ ብርዱ ይበረታል፤ ዳንግላ በ2100፣ እንጅባራ ደግሞ በ2500 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ይገኛሉና። ስለዚህ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ዘንገና ሐይቅ አካባቢ ለማደር ካሰባችሁ፣ ከመኪናው ጣሪያ ጋር አስራችሁ የምትወጥሩትን ሸራ ለፀሐይ ብቻ ብላችሁ አትምረጡ። ዝናብ የማያስገባ፣ ስፌቱ የጠበቀ ይሁን። ስትወጥሩትም አንዱን ጎን ዝቅ አድርጉት፤ ውሃ ከቋጠረ ይቀደዳል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ከሰል ነው። በአዊ ከዲከረንስ ዛፍ የሚከሰለው ከሰል በቀላሉ ይገኛል፤ ነገር ግን ብርዱን ፈርታችሁ በተጋረደ ሸራ ወይም በመኪና ውስጥ ምድጃ አታስገቡ። መርዛማው አየር ሽታ የለውም፤ ልጆችን በተኙበት ይገድላል። ለቡናው ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሉ፤ ለሌሊቱ ጋቢና ብርድ ልብስ አትርሱ።