ማበጠሪያው የማን ነው?

ልጆችን «ከሐሳባችሁ አምጥታችሁ ሳሉ» ስንላቸው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያው ነው፤ ጣሪያው ሦስት ማዕዘን የሆነ ቤት፣ ጥግ ላይ ፀሐይ፣ ሥር ሁለት አበባ። ምናብ አጥተው አይደለም። ባዶ ወረቀት የተሰጠው ልጅ ከዚህ በፊት «ጎበዝ!» የተባለበትን ይደግማል። ስለዚህ እኔ ከወረቀቱ አስቀድሜ ዕቃ አስቀምጣለሁ፤ ማንኪያ፣ የአባት ጫማ፣ ጀበና።

ይህን የተማርኩት ከቤልጅጋዊው የሱሪያሊዝም ሰዓሊ ከሬኔ ማግሪት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የሳለው አንድ የመኝታ ክፍል አለ። ግዙፍ ማበጠሪያ አልጋው ላይ ቆሟል። ብርጭቆው ከቁም ሣጥኑ ጋር ይፎካከራል፣ ክብሪቷ ወለሉ ላይ ተጋድማለች፣ የጺም ብሩሹ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወጥቷል፤ ግድግዳው ደግሞ ደመና ያለበት ሰማይ ነው። ጭራቅ የለም፣ ቀንድ ያለው ፍጡር የለም። ዕቃዎቹ ማንም ቤት የሚገኙ ናቸው፤ ቅርጻቸው አልተዛባም፣ መጠናቸው እንጂ። ሱሪያሊዝም ሲባል ያገኙትን ማቀላቀል ለሚመስለው ሰው ይህ ሥዕል ጥሩ መልስ ነው።

እኛም ቤት መጀመሪያ ጀበናው እንዳለ ይሳላል። የአንገቱ ቅጥነት፣ የሆዱ ክብ፣ እሳት ያጠቆረው ጎኑ። ልጆቹ እዚህ ላይ ይሰለቻሉ፤ ቢሆንም አልዘለውም፤ በደንብ ያላዩትን ነገር መለወጥ አይቻልምና። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ይህ ጀበና ቤት ቢያክል ማን ይኖርበታል?» ትልቋ ልጄ አንገቱ ላይ መሰላል አስደግፋ ውታፉን በር አደረገችው። በእጀታው ክፍተት ገመድ ወጥራ የሕፃን ልብስ አሰጣችበት። የሳለችውን ጭስ አይቼ «ጭሱስ?» ስላት «እናትየዋ ወጥ እየሠራች ነው» አለችኝ። በዚህ ጊዜ አጠገቧ ተቀምጦ «ጀበና እንዲህ አይደለም» የሚል ትልቅ ሰው ካለ እባካችሁ ወደ ሌላ ክፍል ውሰዱልኝ።

ለትንንሾቹ ደግሞ ሰፌድ አለ። ሰዓሊው ማክስ ኤርንስት እ.ኤ.አ. በ1925 የእንጨት ወለል ላይ ወረቀት አንጥፎ በእርሳስ ሲፈትገው፣ ከእንጨቱ መስመሮች የተለያየ ምስል ይታየው ጀመር። እናንተም እንደዚሁ ሰፌድ ላይ ስስ ወረቀት አንጥፋችሁ ክራዮኑን አጋድማችሁ ፈትጉት፤ ስፌቱ ዙር በዙር ይወጣል። «ምን ሳልክ?» አትበሉት፤ «ምን ታየህ?» በሉት። የእኔው ትንሹ ልጅ እባብ ታየው፤ ዓይን ብቻ ጨመረለት።

እንዲህ ያለ አሳሳል ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያዊው ሰዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን በፓሪስ ዘመኑ የኩባዊውን የዊፍሬዶ ላምን ሥራ ካየ በኋላ ወደ ክታቦቻችን ዓይኖችና ምልክቶች ተመልሶ የራሱን ዓለም ሠራ። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ልጅም ከጣሪያው ፊትና ክንፍ ብቻ ያላቸው መላእክት ቁልቁል ያዩታል። እርግጥ ያ የእምነት ሥዕል ነው፤ ሱሪያሊዝም ብዬ አልጠራውም። ግን የዚያ ልጅ ዓይን የማይታየውን በሥዕል ማየት ለምዷል።

የማግሪትን ሥዕል ለልጆቹ የማሳያቸው የራሳቸውን ከጨረሱ በኋላ ነው፤ ቀድመው ካዩት ይገለብጡታል። ትልቋ ብዙ ካየችው በኋላ «ማበጠሪያው የማን ነው?» አለች። አላወቅሁም። ሌላ ወረቀት አምጥታ ባለቤቱን መሳል ጀመረች፤ ወረቀቱ የበቃው ለአንድ እግሩ ብቻ ነው። አሁን በፕላስተር እየቀጣጠልን ጉልበቱ ላይ ደርሰናል።