የሉማሜው ማኅተም

ዓባይ በረሃን ወርደን፣ ወጥተን፣ ደጀንን አልፈን ሉማሜ ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት፤ የደብረ ማርቆስ መንገደኛ በመስኮት አይቷት ያልፋል። እኔ ግን ወረድሁ። አንድ የገበሬዎች ማኅበር ኢሜይሉ ገዢዎች ዘንድ ስፓም ውስጥ እየገባ ተቸግሯል። ሰርቨሩ የኪራይ ነው፤ ከቤቴም ሆኜ እገባበት ነበር። በስልክ ግን ከጸሐፊው ጋር መግባባት አቃተን።

ለምን እንዳልተግባባን ሻይ ቤት ተቀምጠን ገባኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ማኅተም አሳርፈን ነው እኮ የምንልክ!» አለኝ። ለካ ስካን ያደረገውን ክቡን ሐምራዊ ማኅተም ነው! ሳቄን ዋጥሁ።

የኢሜይሉ ማኅተም ዲኪም ይባላል። ሰርቨሩ በምስጢር ቁልፉ ይፈርማል፤ ተቀባዩ ዲኤንኤስ ላይ በተቀመጠው ይፋዊ ቁልፍ ያመሳክራል። ኤስፒኤፍ ደግሞ በስማችን እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ዲማርክ ከሁለቱ አንዱ በላኪው ስም ካለፈለት ይበቃዋል። ጉግልና ያሁ በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 2024 በዚህ ነገር አጥብቀዋል።

በስልኬ ዳታ ሰርቨሩ ውስጥ ገባሁ። ቁልፉ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። ፊርማ ሲወድቅ ቁልፍ መቀየር የሁላችን አመል ነው፤ እኔም አራተኛ ልቀይር ዳድቶኝ ነበር። ተውሁትና ወደ ራሴ ጂሜይል በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል ላክሁ፤ ፊርማው አለፈ። «ጤፉ ተጭኗል» ብዬ ላክሁ፤ ወደቀ። ደግሜ ሞከርሁ፤ ያው ነው። «አማርኛ አይችልም ማለት ነው?» አለ ጸሐፊው።

መቻሉንስ ይችላል። አንዷ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ናት፤ ባይቶቿም ስምንቱንም ቢት ይፈልጋሉ። የማኅበሩ ደብዳቤ የሚያልፍበት የሌላ ድርጅት ሰርቨር ግን ሰባት ቢት ብቻ ነው የሚቀበል። ስለዚህ የእኛው ሰርቨር ከፈረመ በኋላ ደብዳቤውን እንደ ገና ይጠቀልለዋል፤ «ጤ» ብቻዋን ዘጠኝ ምልክት ትሆናለች። አንባቢው ያው ጤፍ ነው የሚያይ፤ ፊርማው የተቆጠረበት ባይት ግን ተለውጧል። እንግሊዝኛው ቀድሞም ሰባት ቢት ስለሆነ የሚነካው የለም። የዚያ ሰርቨር አድራሻ ኤስፒኤፍ ላይ ቢኖር ኖሮ ዲማርክ በዚያ ያልፍና ጉዱ ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

ሰርቨሩ ደብዳቤ የሚልክበት ፕሮግራም፣ ፖስትፊክስ፣ በ3.9 እትሙ ለዚህ የሚሆን ቅንብር አምጥቷል፤ መልእክቱን ከመፈረሙ በፊት ወደ ሰባት ቢት ይለውጠዋል። እሱን አበራሁ፤ የጎደለውንም አድራሻ ኤስፒኤፍ ላይ ጨመርሁ። «ጤፉ ተጭኗል» ሦስተኛ ሲላክ አለፈ። ጸሐፊው ስልኬን ተቀብሎ አየና፣ «ታዲያ ክቡን ማኅተም እንተወው?» አለኝ። አትተው አልሁት፤ ገዢው ደብዳቤውን ሲያትም ይፈልገዋል።

ሰርቨር የምታስተዳድሩ ወገኖቼ፣ ፊርማችሁን ስትፈትኑ እባካችሁ በአማርኛ ጽፋችሁ ፈትኑ።