ዳሌዬና 46 ዓመቴ

ሐኪሙ "የዳሌሽ መገጣጠሚያ ተበልቷል፤ በሰው ሠራሽ ይቀየር" ካለኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የዘገየሁት ገና 46 ዓመቴ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ከ10 ሰው ሠራሽ ዳሌዎች 6 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚቆዩ ይናገራል። የኔ ካለቀ በ70ዎቹ ዕድሜዬ እንደገና ኦፕራሲዮን ሊያስፈልገኝ ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። እናቴም "እግዜር የሰጠሽን አታስነኪ" ትለኝ ነበር። በሱዳን በኩል በእግሯ የመጣች ሴት ናትና ምን ብዬ ልመልስላት!

ባለፈው ስግድ ጠዋት ካልሲዬን ያጠለቀችልኝ የ9 ዓመቷ ልጄ ናት። ኢየሩሳሌም ደርሰን ሕዝቡ ሲሰግድ እኔ ወንበር ላይ ቀረሁ። እናቴ ሁሉንም አይታ ዝም አለች። ማታ ግን "ይቺ ልጅ እስክታገባ ልታለብስሽ ነው?" አለችኝ።

ፈርሜአለሁ። ተንበርክኬ መስገድ እችል እንደሆነ ሐኪሙን ስጠይቀው "ቀስ ብለን እናያለን" አለኝ። ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ጸልዩልኝ።