ዝም ያለችው ደነባ

መልእክቱ የደረሰኝ ነሐሴ 2016 ነው። ዳታ ተቋርጦባቸው የከረሙ የሰሜን ሸዋ ዘመዶቼና ወዳጆቼ አንድ በአንድ ብቅ ማለት የጀመሩበት ሰሞን ነበር። ከስድስት ወር በፊት በለጠፍኩት ጽሑፍ ሥር፣ ሁሉም ተናግሮ ከጨረሰና ከተረሳ በኋላ፣ አንዲት ልጅ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ጋሼ እንደምን ነዎት? ጽሑፍዎን አሁን ነው ያገኘሁት። ለአባባ አነበብኩለት። እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አለኝ፦ ልጄ፣ ስንዴውን ያልሸጥነው ዋጋ ጠብቀን አይደለም። መንገድ ተዘግቶ ነው። ነጋዴም አልመጣ፣ እኛም አልወጣን። ጎተራ ውስጥ ነቀዝ ጨረሰው። አንተ የደነባ ልጅ አይደለህም እንዴ? ምነው ሳትጠይቀን?»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አዎ፣ የደነባ ልጅ ነኝ። ሲያደብርና ዋዩ ውስጥ ተወልጄ፣ በዚያ ጥቁር አፈር ጭቃ ውስጥ እየተንቦጫረቅሁ ትምህርት ቤት የተመላለስኩ ነኝ። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ እንደሚያስቀር፣ በጋ ላይ መሬቱ እግር እስኪያስገባ እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁ። ስለ ስንዴው ግን የጻፍኩት አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ፣ አንድ የእህል ነጋዴ የነገረኝን ይዤ ነው።

ጽሑፉ የወጣው የካቲት 2016 ነበር። ነገሩ ባጭሩ «የዱቄት ዋጋ የናረው ገበሬው ምርቱን ይዞ ዋጋ ስለሚጠብቅ ነው» የሚል ነው። ለምሳሌ የጠቀስኩት ደግሞ የገዛ አገሬን ነበር። ከ200 በላይ አስተያየት መጣ። «እውነት ብለሃል» ያለው ብዙ ነው። «ስግብግብ» የሚለውን ቃል የጨመሩ ነበሩ። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ሆነው ያመሰገኑኝም ነበሩ። አንድ ሁለት ሰው ተቃወመኝ፤ እነሱም የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። ከደነባ አንድም ሰው አልተናገረም። እኔም ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት።

ያ ዝምታ ከየት እንደመጣ ማወቅ ነበረብኝ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ለስድስት ወር የታወጀው በአራት ወር ተራዝሞ አሥር ወር ቆየ። የሞባይል ኢንተርኔትም አብሮ ተዘጋ። እኔ ስለ ደነባ ስጽፍ ደነባ አታነበኝም ነበር። አስተያየት መስጫዬ ክፍት ነበር፣ ግን የተከፈተው ለሩቁ ሰው ብቻ ነው።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ይህንን ነው። አንባቢ ለጸሐፊ የሚሰጠው አስተያየት ጥቅሙ ስህተት ማረም ብቻ ይመስለን ነበር። ከዚያ የጠለቀ ሥራ አለው። ጸሐፊው ለማን እንደሚጽፍ የሚወስነው እሱ ነው። ሰው ወደሚመልስለት ሰው ያደላል። ሳታስበው የሚያመሰግንህን ቋንቋ ትለምዳለህ፣ የሚቆጣህን ርዕስ ትሸሻለህ፣ የማይመልስልህን ትረሳዋለህ። በእነዚያ አሥር ወራት የጻፍኳቸውን ወደ ኋላ ተመልሼ ሳያቸው፣ ስለ ገጠር የምጽፈው «እኛ» ከሚለው ወደ «እነሱ» ተሻግሯል። መቼ እንደተሻገረ አላስተዋልኩም።

ይህን የድሮ ሰዎች በደንብ ያውቁት ነበር። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲገባ ብቻውን አይዘፍንም። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፣ እሱም ተቀብሎ ያዜማል። የቤቱን ሐሜት፣ የሰፈሩን ኩርፊያ፣ የሰሞኑን ነገር የሚያገኘው ከዚያ ነው። ታዳሚው ዝም ካለ አዝማሪው ትናንት ሌላ ቤት ያዜመውን ይደግማል። እኔ ያን ሰሞን የሌላ ቤት ዘፈን ይዤ ደነባ የገባሁ አዝማሪ ነበርኩ።

ቃሉም ራሱ ይናገራል። በኢንተርኔት የሚጻፈውን የግል ጽሑፍ ጦማር ስንለው፣ ቃሉን ያመጣነው ከግዕዝ ነው፤ ደብዳቤ ማለት ነው። ደብዳቤ ደግሞ መልስ ይጠብቃል። መልስ የማይመጣበት ደብዳቤ ወይ አልደረሰም፣ ወይ ተቀባዩ ተቀይሟል፣ ወይ ታሟል። ላኪው ሊጨነቅ ይገባል እንጂ ሊረካ አይገባም።

የዞን ዘጠኝ ጦማርያን በ2004 ሥራ ሲጀምሩ «ስለሚያገባን እንጦምራለን» አሉ። ስማቸው የመጣው ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው፤ እዚያ ስምንት ዞን ነበረ፣ ዘጠነኛው ከግቢው ውጭ ያለው አገር ነው ለማለት። ገጻቸው ብዙም ሳይቆይ አገር ውስጥ እንዳይከፈት ተዘጋ። ሚያዝያ 2006 ላይ ስድስቱ ጦማርያን ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ። ገሚሶቹ ሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፣ ሌሎቹ ጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። ስለ እስሩ ብዙ ተብሏል። እኔን አሁን የሚያሳስበኝ ግን ከእስሩ በፊት የነበረው መዘጋት ነው። አገር ቤት ላለ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ አገር ቤት እንዳይደርስ ተደረገ። ጸሐፊን ዝም ማሰኘት አንድ ነገር ነው። አንባቢውን ከጸሐፊው መነጠል ግን ድምፅ ሳያሰማ የሚሠራ ነው፤ ጸሐፊው እየጻፈ ይቀጥላል፣ የተነጠለ መሆኑንም ላያውቅ ይችላል።

እዚህ ላይ «የአስተያየትን መዘዝ ረስተኸዋል?» የሚለኝ ይኖራል። አልረሳሁትም። በ1968 አዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» የሚል ዓምድ ከፍቶ ነበር። የመኢሶንና የኢሕአፓ ሐሳብ አራማጆች በመንግሥት ጋዜጣ ላይ ፊት ለፊት ተከራከሩ። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይመልሳል፣ አንባቢ ይጠብቃል። በ1969 መባቻ ግን ክርክሩ ወደ ጥይት ዞረ፤ ከዚያ የመጣውን ቀይ ሽብር ሁላችንም እናውቃለን። ከዓምዱ ወደ መቃብሩ አንድ ዓመት እንኳ አልፈጀም።

የእኛ ዘመን ደግሞ ከዚያም ፈጠነ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ከቤታቸው ደጃፍ የተገደሉት ፌስቡክ ላይ ስማቸውና ፎቷቸው ተለጥፎ የጥላቻ ዘመቻ ከተካሄደባቸው በኋላ ነው። ልጃቸው ጉዳዩን ናይሮቢ ወደሚገኝ ፍርድ ቤት ወስዶ የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ ከሷል። ይህንን «ጥቂት ባለጌዎች ያደረጉት» ብሎ ማለፍ አይቻልም። እንደ እኔና እንደ እናንተ ስልኩን ይዞ የተቀመጠ ሰው ነው ከሥር እየገባ የጻፈው።

ያን ሰሞን እኔም አስተያየት መስጫዬን ዘጋሁት። ከጽሑፌ ሥር ሁለት ሰዎች ተጣሉና አንዱ የሌላውን ሰፈርና የሥራ ቦታ ጽፎ ለጠፈ። ያየሁት ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። አጠፋሁት፣ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ከዚያ በሩን ዘጋሁ። ለስምንት ወር ያህል እንደተዘጋ ቆየ።

እውነቱን ልናገር፤ ምቾት ነበረው። ማንም አይሰድበኝም። በውስጥ መስመር የሚጽፉልኝ የሚወዱኝ ብቻ ናቸው። ግን የሚወድህ ሰው «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። በሕዝብ ፊት የተሳሳትኩትን በጓዳ የሚያርመኝ ሰው ቢገኝም፣ ስህተቱን ያነበቡት እርማቱን አያዩትም። ምቾቱ ልክ አልመስልህ ሲለኝ በ2015 መልሼ ከፈትኩት። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ደነባ ከመስመር ወጣች።

ስለዚህ ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ። በሩ ወለል ብሎ ሲከፈት ሰው ይጎዳል። ሲዘጋ ጸሐፊው ይሰንፋል። ግማሹ ብቻ ሲከፈት ግን፣ እኔ እንደደረሰብኝ፣ ጸሐፊው የሰማ እየመሰለው ይዋሻል። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም 200 ምስክር ይዘህ ነው የምትሳሳተው።

ልጅቷ የላከችውን ካነበብኩ በኋላ አንድ ጥያቄ መለስኩላት፦ «አባባ ስልክ ላይ ሊያወሩኝ ይችላሉ?» በማግስቱ ደወለችልኝና አቀረበቻቸው። አልተቆጡኝም። ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ ስለ ዝናቡ ነገሩኝ፣ ከዚያ ስንዴው ምን እንደሆነ ዘርዝረው አስረዱኝ። ማዳበሪያ የተወሰደበት ዕዳ ነበር። እህሉ አልተሸጠም፣ ዕዳው ግን ቀኑን ጠብቆ መጣ። በመጨረሻ አንድ በሬ ተሸጠ። እኔ «ዋጋ እየጠበቀ ነው» ብዬ በጻፍኩበት ወር ማለት ነው።

እርማቱን ከሥር አልለጠፍኩትም። የድሮው ጽሑፍ አናት ላይ አደረግሁት፤ ማንም ሰው ስህተቴን ከማንበቡ በፊት እሳቸው ያሉትን እንዲያነብ። ከዚያም ለብቻው አዲስ ጽሑፍ አድርጌ ለሁላችሁም ላክሁት። የመጀመሪያውን ያነበበው ሰው ብዛትና እርማቱን ያነበበው ሰው ብዛት አይገናኝም። ስህተት በፈረስ፣ እርማት በእግር ነው የሚሄደው።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ቻናል ሦስት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛ፣ የሰው ስም፣ ሰፈር፣ ስልክ ወይም ብሔር እየጠራ የሚዝት አስተያየት ባየሁበት ሰዓት አጠፋለሁ፤ መተኛት ሲኖርብኝ መስጫውን ዘግቼ እተኛለሁ። ሁለተኛ፣ እኔን የሚሰድብ አስተያየት ይቀመጣል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ስለ አንድ አገር ጽፌ ከዚያ አገር ሰው መልስ ካልመጣ፣ ጉዳዩን እንዳለቀ አልቆጥረውም። እደውላለሁ። ስልክ ካልሠራ መናኸሪያ ሄጄ ከዚያ የመጣ ሰው እጠይቃለሁ። ያም ካልሆነ ጽሑፉ ላይ «ይህንን የሚመለከታቸው ሰዎች ገና አላነበቡትም» ብዬ እጽፋለሁ።

ይህ ለእኔ ብቻ የሚሠራ አይመስለኝም። ዛሬ ስለ ሰላም፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ትምህርት ቤት መዘጋት የሚጽፍ ብዙ ነው። ከሥሩ የሚከራከረውም ብዙ ነው። እስኪ አንድ ቀን የምትከታተሉትን ገጽ አስተያየት ወደ ታች እየወረዳችሁ እዩት፤ የተጻፈበት ሰው ራሱ የታለ? ስለ ተፈናቃይ በሚጻፈው ሥር ተፈናቃዩ አለ? ስለ መምህሩ ደመወዝ በሚጻፈው ሥር መምህሩ በስሙ ደፍሮ ይናገራል? ከሌለ ወይ መስመር የለውም፣ ወይ ፈርቷል፣ ወይ ማንበብ የሚችል ልጅ አጠገቡ የለም። በሦስቱም ዝምታው መስማማት አይደለም።

የዚያች ልጅ አባት ለዛሬው ጽሑፍም ቀዳሚ አንባቢ ናቸው፤ ትናንት ማታ በስልክ አነበብኩላቸው። «በሬው አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው፤ ሁለተኛውን በኋላ ሸጥኩት» ብለው አርመውኛል። እንዳሉት ይታረም።

አስተያየት መስጫው እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ክፍት ነው። ቸር ያሰማን።